የጠመንጃ ምርጫና የጥይት ዋጋ በባሌ ደጋ

አንድ መሣሪያ ለባለቤቱ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ጥያቄ በፋብሪካው ስም ወይም በአሠራሩ ውበት ብቻ የሚመለስ አይደለም። መሣሪያው የሚበላውን ነገር ማን ያቀርባል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? በምን ያህል ዋጋና ከየት ገበያ ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች ለወፍጮ፣ ለትራክተርና ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚጠየቁትን ያህል ለጠመንጃም ሲጠየቁ ኖረዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጠመንጃ የአዳኝ፣ የእረኛና የወታደር ዕቃ ከመሆኑም በላይ የማዕረግና የመሬት ባለቤትነት ምልክት ስለ ነበረ የምርጫው ጉዳይ ከግለሰብ ኪስ አልፎ የአገር አስተዳደር ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።

ይህንን ለመመርመር የባሌ ደጋ ጥሩ አብነት ይሆናል። ጎባና ሮቤ ከ15 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ተጎራብተው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ከጎባ በስተደቡብ መንገዱ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል፤ አምባውም 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ እስከ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአምባው ማዶ የሐረና ጥቅጥቅ ደን ቁልቁል ይዘረጋል። በሮቤና በሲናና ዙሪያ ደግሞ የስንዴና የገብስ ሜዳ ይገኛል። ብርድ፣ ጉምና ዝናብ በሚፈራረቁበት በዚህ አገር፣ ከባሕር በር እጅግ ርቆ የሚኖር ሰው ምን ዓይነት ጠመንጃ ይያዝ? ጥያቄው ለብዙ ትውልድ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነበር።

የውጅግራ ዘመን

በአርሲና በባሌ የኖረው ሕዝብ ከዘመናዊ ጠመንጃ ጋር የተዋወቀው በገበያ ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በአርሲ ላይ ባካሄዱት ዘመቻ የአርሲ ኦሮሞ በፈረስና በጦር ለዓመታት ተከላከለ። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ በተደረገው ውጊያ ግን ከጥይት ጋር የተጋጠመው ጦርና ጋሻ ሊቋቋም አልቻለም። የባሌ ደጋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተመሳሳይ ኃይል ሥር ዋለ፤ ጎባም የጦር ሠፈርና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። በዚያ የሠፈረው ባለጠመንጃ «ነፍጠኛ» የተባለው በያዘው ነፍጥ ስም ነው። ለአገልግሎቱ በደመወዝ ምትክ መሬትና ገባር ስለሚመደብለት፣ ጠመንጃ መያዝና አለመያዝ የአገሬውን ሕዝብ ከሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ወገን ግብር ተቀባይ፣ ሁለተኛው ግብር ከፋይ ሆነ።

ለመሆኑ ያ ጠመንጃ ምን ዓይነት ነበር? በመጀመሪያ ሰናድርና ሬሚንግቶን የመሳሰሉት በብዛት ነበሩ። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ለንጉሥ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግቶን ሊሰጥ የተስማማበት ውል ይታወሳል። ከዚያ በኋላ ግን በአገሪቱ በስፋት የተሠራጨው የፈረንሳዩ ግራ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ የአገራችን ሰው «ውጅግራ» ብሎ የራሱ አደረገው። ግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ሠራዊት የተመረጠ፣ መዝጊያው በእጅ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚከፈት፣ ወደ ፊት ተገፍቶ ወደ ታች ሲመለስ የሚቆለፍ፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። አፉ 11 ሚሊሜትር፣ እርሳሱም 25 ግራም ያህል የሚመዝን ነበር።

ግራ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የጎረፈው በፓሪስ በተደረገ ለውጥ ምክንያት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ባለ 8 ሚሊሜትር ለበል ጠመንጃ ስትመርጥ፣ ሥራ የፈታው ግራ በመጋዘን ተከማቸ። የተከማቸ ዕቃ ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ ዕቃም ገዢ ወዳለበት ይሄዳል። ነጋዴዎች በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ አስገቡት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት መሣሪያዎች መካከል ውጅግራ ታላቅ ድርሻ ነበረው። አውሮፓ ጊዜው አልፎበታል ብላ የጣለችው ጠመንጃ የአንድ አውሮፓዊ መንግሥት ሠራዊት በተሸነፈበት ሜዳ ሥራውን ሠርቷል።

ይሁን እንጂ የውጅግራ ዘመን የረዘመው በርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። ጥቁር ባሩድ በአገር ውስጥ ሲቀመም የኖረ ነገር ነው፤ እርሳስም በቀላሉ ቀልጦ ይቀረጻል። የናሱ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ስለሆነም ውጅግራ የያዘ ሰው የባሕር በር ቢዘጋበት እንኳ መሣሪያው ወዲያውኑ ዱላ አይሆንበትም። የመዝጊያው ክፍሎች ጥቂቶች ናቸው፤ ሰደፉ ቢሰነጠቅ እንጨት ጠራቢ ያበጀዋል። ጉዳቱም የታወቀ ነው፦ ከአፈሙዙ የሚወጣው ነጭ ጢስ የተኳሹን ሥፍራ ያጋልጣል፤ ባሩዱ በርሜሉ ውስጥ የሚተወው ጥላሸት ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ አንድ ጥይት ተተኩሶ ሁለተኛው እስኪጎርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

የጥይት ዋጋ ምን ያህል ከኑሮ ጋር እንደ ተሳሰረ የሚያሳየው ሌላው ነገር በብዙ የደቡብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው። ማርያ ቴሬዛ ብር ለአነስተኛ ግዢ ይከብዳል፤ አሞሌ ጨው ይሰበራል፣ ዝናብም ያሟሟዋል፤ የግራ ጥይት ግን እኩል መጠን ያለው፣ የማይበላሽና ሁሉም የሚፈልገው ዕቃ ነበር። ገበያተኛው በዝናሩ ኪሱን ተሸክሞ ይዞር ነበር ማለት ይቻላል። ይህም ለተኳሹ ከባድ ምርጫ ፈጠረ፤ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር የሚያባክነው ገንዘቡን ነበርና። የአገራችን ሰው ስለ አንድ ጥይት አንድ ኢላማ አጥብቆ መናገሩ የጀግንነት ኩራት ብቻ ሳይሆን የቁጠባ ሕግም ነበረበት።

ሦስት ዓይነት ስምንት

ከዐድዋ በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት አዳዲስ ስሞች መጡ፦ ለበን የተባለው የፈረንሳዩ ለበል፣ ምንሽር፣ መስኮብ የተባለው የሩስያ ጠመንጃ፣ ማውዘርና ከቤልጅግ የመጣው በልጅግ። ምንሽር የሚለው ስም ከኦስትሪያው ማንሊኸር እንደ መጣ ይነገራል። እነዚህ በአብዛኛው በእጅ የሚቀባበሉ፣ ብዙ ጥይት የሚጎርሱና ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀሙ ነበሩ። ጥይታቸው በርቀት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተኳሹም በጢስ አይጋለጥም። ለመኳንንትና ለሹማምንት ከዚህ የተሻለ ጌጥ አልነበረም።

ሆኖም አዲሱ ጠመንጃ አዲስ ጥገኝነት ይዞ መጣ። ጢስ አልባ ባሩድ በጎባ ጓሮ አይቀመምም፤ ፋብሪካ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ የጥይቱ ዓይነት በዛ። የለበል ጥይት 8 ሚሊሜትር ይባላል፤ የኦስትሪያው ማንሊኸር ጥይትም 8 ሚሊሜትር ይባላል፤ የጀርመኑ ማውዘር ጥይት 7.92 ሲሆን በተለምዶ እርሱም 8 ይባላል። ሦስቱ ግን በቀለሃቸው ቅርጽና ርዝመት ስለሚለያዩ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከገበያ «የስምንት ጥይት» ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ጠመንጃው አልጎርስ ሲለው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። የኢጣልያው ካርካኖ 6.5፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ 7.7 ሚሊሜትር ስለ ነበሩ ድብልቅልቁ ይበልጥ በዛ።

የአጎራረሱም ሥርዓት ልዩነት ነበረው። ማንሊኸርና ካርካኖ ጥይቶቹን አቅፎ የሚይዝ ትንሽ ቆርቆሮ አላቸው፤ ቆርቆሮው ከጥይቶቹ ጋር አብሮ ወደ ካዝናው ይገባል፣ ጥይቱ ሲያልቅም ይወድቃል። ቆርቆሮው ከጠፋ ስድስት ጎራሽ የነበረው ካርካኖ እንደ ውጅግራ አንድ አንድ እየተጎረሰ የሚተኮስ ይሆናል። ማውዘር ግን አምስት ጥይቱን በቆርቆሮም ሆነ ያለ ቆርቆሮ በጣት ተጭኖ ይቀበላል። ሊ ኤንፊልድ አሥር ይጎርሳል። ለበል በበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ስምንት ይይዛል፣ ቆርቆሮም አያሻውም፤ ነገር ግን ቱቦው ባዶ ሲሆን እንደገና መሙላቱ አዝጋሚ ነው። በጦር መሥሪያ ቤት መጽሐፍ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታየው ይህ ሁሉ፣ መተኪያ ዕቃ ከጅቡቲ በወራት ጉዞ በሚመጣበት አገር ዋናው ነገር ነበር።

የአየሩ ጠባይም ፈተና ነበር። በሰነቴ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ጥይት ብዙም ሳይደክም ይጓዛል፤ በቆላ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በሩቅ ኢላማ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመታል። በሐረና ግን ጉምና ርጥበት አለ። የዚያ ዘመን የጦር ሠራዊት ጥይቶች መለኮሻ በበርሜል ውስጥ ጨው ነክ ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩ ርጥበት ይስባል፣ በርሜሉም ይዝጋል። በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ ዘይት የማይቀባ ባለቤት የውድ ጠመንጃውን በርሜል በጥቂት ክረምቶች ያበላሻል። ስለዚህ ባለሙያ ገዢ ሰደፉን ከማድነቁ በፊት በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ይመለከታል፤ መዝጊያውን ደጋግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ያገለገለው ቀለህ በትክክል መወርወሩን ያረጋግጣል።

የባሕሩ በር ቁልፍ

ጥይትን የሚቆጣጠር ጠመንጃን ይቆጣጠራል። ቅኝ ገዢ መንግሥታት ይህንን ቀድመው ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገደበ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ ባደረጉት ውል ዙሪያ የመሣሪያ ንግድን የመቆጣጠር ስምምነትም አደረጉ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የመሣሪያ ጉዳይ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከሦስቱ መንግሥታት ጋር የተደረገው ውል ለኢትዮጵያ መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብት ቢያረጋግጥም፣ መንገዱ አሁንም በሌሎች እጅ ነበር።

መንግሥት በዚያ ጊዜ የመረጠው በልጅግን ነው። ክቡር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች ሲሆኑ፣ ከዚያው አገር የተገዛው ማውዘር ባለ 7.92 ሚሊሜትር፣ ጠንካራና ለማጽዳት ቀላል ነበር። ምርጫው ከጥራት አንፃር የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ለመላው ሠራዊት ለማዳረስ ጊዜም ገንዘብም አለመኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የጦርነቱ ደመና ሲከብድ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ ከለከሉ። ጀርመን በምሥጢር 10,000 ያህል ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት መስጠቷ ይታወቃል፤ ይኸውም በራሷ ምክንያት እንጂ ለኢትዮጵያ አዝና አልነበረም። የተቀረው ሠራዊት ከአያቱ በወረሰው ውጅግራ፣ በለበንና በምንሽር ዘመተ፤ በዝናሩ ያለው ጥይትም ከጎኑ ለተሰለፈው ጓደኛው የማይሆን ነበር።

የባሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር በደቡብ ግንባር እስከ መጨረሻው ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ሕይወታቸውን አጡ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመንና ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. በተባረረች ጊዜ፣ በየሜዳው የቀረው ካርካኖ በገጠሩ ተሠራጨ። ዋጋው ርካሽ ሆነ፤ ምክንያቱም የሸሸ ሠራዊት የጣለው ዕቃ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ በግራ ላይ የታየው ነገር እንደገና ተደገመ። የጥይቱ ምንጭ ግን ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ካርካኖ የያዘ ሰው ከጣቱ ቁጥር ያልበለጠ ጥይት ለዓመታት አስቀምጦ ለክፉ ቀን ይጠብቀው ነበር።

በጠመንጃ ስም የተጠራ ዘመን

ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ከሆነችበት ከ1952 ዓ.ም. በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1955 ዓ.ም. ታላቅ የገበሬዎች አመፅ ተቀሰቀሰ። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፦ በቀላድ የተለካ መሬት መወሰዱ፣ የግብር ክብደት፣ የውዝፍ ዕዳ፣ የሹማምንት በደል፣ የሃይማኖትና የማንነት ንቀት። ከታወቁት መሪዎች አንዱ ዋቆ ጉቱ ወደ ሶማልያ ተሻግረው መሣሪያ ጠየቁ። በዚያ ወገን የነበረው መንግሥት የራሱ የድንበር ፍላጎት ስለ ነበረው ጥያቄውን ተቀበለ። በአካባቢው ሕዝብ አንደበት ያ ዘመን «ዶምቢር» ይባላል፤ ዶምቢር ከዚያ የገባው ጠመንጃ ስም ነው።

አንድ ሕዝብ የሰባት ዓመት ትግሉን በመሪ ስም ወይም በውጊያ ቦታ ስም ሳይሆን በጠመንጃ ስም መጥራቱ ሊታሰብበት ይገባል። ለአያቶቻቸው ጠመንጃ የሌላው ወገን ምልክት ነበር፤ ግብር የተጣለው፣ መሬት የተለካው በእርሱ ጥላ ሥር ነው። አሁን ግን ከብቱን ነድቶ በመሸጥ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ በዚያ አሮጌ ሚዛን ላይ የራሱን ክብደት ያኖረ መሰለው። ላም መስጠት ማለት የልጆችን ወተት መስጠት ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ ለቆላውና ለደጋው አርብቶ አደር አልነበረም። ስለ ርካሽና ስለ ውድ ጠመንጃ የሚናገር ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም፤ ዋጋው በብር ቢጻፍም የሚከፈለው በሌላ ነገር ነበር።

ነገር ግን የጥይቱ ሕግ በእነርሱም ላይ ሠራ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ፣ ጥይቱም ከውጭ የሚጠበቅ ሲሆን የሰጪው ፍላጎት ሲቀዘቅዝ የተቀባዩ እጅ ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶማልያ የመንግሥት ለውጥ ሆኖ ከኢትዮጵያ ጋር የመግባባት ፖሊሲ ሲጀመር ድጋፉ ቀነሰ። በሌላው ወገን የመንግሥቱ ሠራዊት አውሮፕላንና ከአሜሪካ የተገኘ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ነበረው። ዋቆ ጉቱ በመጋቢት 1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። አመፁ ያነሣው የመሬት ጥያቄ ግን በጥይት እጦት አልሞተም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው አዋጅ የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት በሕግ አከተመ።

ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማልያ ጦርነት ባሌ ከጦር ሜዳዎቹ አንዱ ነበረች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክላሽንኮቭ በብዛት ገባ፤ ጥይቱም አንድ ዓይነትና በየቦታው የሚገኝ ሆነ። በእጅ እየተሳበ የሚቀባበለው ጠመንጃ ከጦር ሜዳ የወጣው ትክክለኛነቱ ስላነሰ አይደለም። በርቀት ተኩስ ከክላሽንኮቭ የሚበልጥ ማውዘር ጥቂት አይደለም። የወጣው ጥይቱ ስለ ጠፋና የአዲሱ ጥይት ስለ በዛ ነው።

አጋዘንና ሕግ

የጠመንጃ ምርጫ ሌላም ምስክር አለው፤ እርሱም አውሬው ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ፣ ሻለቃ አይቮር በክስተን፣ በጥይት ከመታው በኋላ ነው። ሪቻርድ ሊደከር እ.ኤ.አ. በ1910 ገልጾ በአዳኙ ስም ሰየመው። ይኸው እንስሳ በኋላ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀርጾ የአገር ምልክት ሆነ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኋላም በሕግ ጸድቆ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

በውጅግራ ዘመን አጋዘኑን የጠበቀው ሕግ ሳይሆን የጥይት ውድነት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጥይቱ ገንዘብ የሆነ ሰው ያለ ምክንያት አይተኩስም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት ግን ጥበቃው ላልቶ፣ ፈጣን መሣሪያም በየሰው እጅ በዝቶ ስለ ነበር በዲንሾ አካባቢ ብዙ አጋዘኖች ተገደሉ። መሣሪያና ጥይት ሲረክሱ የሌላው ነገር ሁሉ ዋጋ እንደሚረክስ ያ ወቅት በግልጽ አሳይቷል።

ዛሬ በአገራችን መሣሪያ የመያዝ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ መያዝ የሚቻለው በፈቃድ ነው። የቀድሞው ምንሽርና ውጅግራም በየቤቱ የቀረ ከሆነ የታሪክ ቅርስነቱ ከመሣሪያነቱ ይበልጣል። በሰደፉ ላይ የተቸነከረው ናስ፣ በበርሜሉ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት፣ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገሩ ሰነዶች ናቸው። ዝገት ከመጨረሱ በፊት ቁጥሩን የሚመዘግብና የባለቤቱን ቃል የሚጽፍ ባለሙያ ቢገኝ ለአገር ታሪክ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለጠመንጃ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በባሌ ደጋ ከመቶ ዓመት በላይ በተደረገው ምርጫ ረጅም ዕድሜ ያገኘው መሣሪያ ፈጣኑ ወይም አዲሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ራሱ ሊመግበው፣ ሊያጥበውና ሊጠግነው የቻለው ነው። ማዳበሪያ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የእርሻ ሞተር ወይም ማንኛውንም የውጭ ዕቃ ለገጠር የሚመርጥ ባለሙያ የዕቃውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚበላውን ነገር ማን እንደሚያቀርብና አቅራቢው አንድ ቀን እጁን ቢሰበስብ ምን እንደሚሆን ይጠይቅ። የባሌ ገበሬ ላሙን ሸጦ የተማረው ይህንን ነው።